ከምን ጋር ሲነጻጸር?

በዚህ ገጽ አዘውትሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ ነው። የዛሬው ወግ ግን የሚጀምረው ከእናቴ ስጥ ነው።

እማዬ ክረምቱ ወጣ ሲል ገብስና ስንዴ አጥባ ታሰጣለች። ግቢ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ስጥ ባለበት ወፍ አይጠፋም። አምና መስከረም ላይ ዱላ ይዛ መቀመጥ ሰለቻትና ከመሳቢያ ያገኘቻቸውን አሮጌ ሲዲዎች መሐል ቀዳዳቸው ክር እያስገባች ከስጡ በላይ አንጠለጠለቻቸው። ፀሐይ ሲያገኛቸው ያብረቀርቃሉ፣ ወፎቹም ይሸሻሉ። ብልሃቷን ወድጄው ፎቶ ሁሉ አንስቼ ነበር። ከሲዲዎቹ አንዱ የታናሽ እህቴ የአንጎል ምስል መሆኑን ያወቅነው ከአንድ ወር በኋላ ነው፤ የነርቭ ሐኪሙ «የመጀመሪያው ምስል የታለ?» ብለው ሲጠይቁን።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እህቴ 28 ዓመቷ ነው፣ አካውንታንት ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ ጠዋት ግራ ዓይኗን ስታንቀሳቅስ እንደሚያማት ነገረችኝ። በማግስቱ በዚያ ዓይን ስታይ ነገሩ ሁሉ እንፋሎት በመታው መስታወት ውስጥ ያለ መሰላት። ከሁሉ የገረማት ቀለሙ ነበር። ቀኝ ዓይኗን በእጇ ሸፍና የእማዬን በርበሬ ስታይ ቀዩ ደብዝዞ ጡብ መሰለ። እማዬ «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ ታሸ፣ እህቴም አሸተተች፣ ተቀባች። መነጽር ቤትም ሄደን ነበር፤ መነጽሩ ምንም አልለወጠም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግን ዓይኗ ተመለሰ። ዳማከሴው ተመሰገነ፤ እኔም ከአመስጋኞቹ አንዷ ነበርኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ደግሞ ከወገቧ በታች ደነዘዘች። አንገቷን ስታቀረቅር ኤሌክትሪክ የመሰለ ነገር በጀርባዋ ወርዶ እስከ እግሯ ይነዝራታል። ይሄኔ ወደ ነርቭ ሐኪም ሄድን። ዶክተሩ እግሯን መርምረው ሲጨርሱ «ከዚህ በፊት ዓይንሽን አሞሽ ያውቃል?» አሏት። እኔና እህቴ ተያየን። የዓይኑን ነገር ከእግሩ ጋር አያይዞ ያሰበ ሰው በቤታችን አልነበረም።

የታዘዘላት የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ኤምአርአይ ነው። ውጤቱ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ባጭሩ ኤምኤስ የሚባለው በሽታ ሆነ። የሰውነታችን በሽታ ተከላካይ ሥርዓት መንገዱን ስቶ የራሱን ነርቮች ልባስ ያጠቃል። ነርቭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አድርጋችሁ ብታስቡት፣ ማይሊን የሚባለው ልባስ የሽቦው ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። የተጎዳው ቦታ ሲድን ጠባሳ ይይዛል፤ የበሽታው ስምም የመጣው ከዚህ ነው፣ «ብዙ ጠባሳዎች» እንደ ማለት። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ ሲሆን ሴቶችን ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ ይይዛል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ይበዛል፣ እንደ እኛ ባሉት ያንሳል። ያንሳል ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» ያሉንን ዘመዶች ቁጥር ብነግራችሁ አታምኑኝም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ግን ይህን በሽታ ለመረዳት ስሞክር ከምንም በላይ የረዳኝ ከሥራዬ ያመጣሁት አንድ ጥያቄ ነው። አለቃዬ «በዚህ ወር ይህን ያህል ሸጥን» ብለው ቁጥር ሲያሳዩን ሁሌ የምጠይቀው «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብዬ ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም። የአንጎል ምስልም እንደዚያው መሆኑን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው።

ኤምአርአይ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ አስቡት። ዣን ማርታን ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1868 ፓሪስ ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ውስጥ ይህን በሽታ ከሌሎች ለይቶ ሲገልጽ ጠባሳዎቹን ያየው ከሞቱ ሕሙማን አንጎል ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ሐኪሞች በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ በሽታው ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያውቁት በሽተኛው ሲነግራቸውና ሲመረምሩት ብቻ ነበር። ሲቲ ስካን ሲመጣም ብዙ አላሳያቸውም። እ.ኤ.አ. በ1981 ለንደን በሚገኘው ሀመርስሚዝ ሆስፒታል አሥር ሕሙማን በአዲሱ መሣሪያ ታዩ። ሲቲ ስካን በአሥሩም ላይ ያገኘው 19 ጠባሳ ነው፤ አዲሱ መሣሪያ 112 ጨመረበት። ያን ቀን ምስሉን ያዩት ሐኪሞች ምን ተሰምቷቸው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። ለመሣሪያው መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 ኖቤል ተሸልመዋል።

መሣሪያው እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ትልቅ ማግኔት ነው፤ በብዙ ቦታ ያለው 1.5 ቴስላ የሚባለው ጉልበቱ ከመሬት ማግኔት ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ጌጥ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ቀበቶ አውልቁ የሚሏችሁ ለዚህ ነው። በሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ወይም የልብ መሣሪያ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ። በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጂን ቅንጣቶች በማግኔቱ ይሰለፋሉ፣ በሬዲዮ ሞገድ ይገፋሉ፣ ሲመለሱ የሚሰጡት ምልክት ምስል ይሆናል። ድምፁን ግን ማንም አልነገረንም ነበር። እህቴ ከ40 ደቂቃ በኋላ ስትወጣ «ምናለሽ ተራ መሐል ያስተኙኝ መሰለኝ» አለች። መርካቶ ገብቶ የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹን ድምፅ የሰማ ሰው ምን ማለቷ እንደሆነ ይገባዋል። ጆሮ መድፈኛ ጠይቁ።

ምስሉ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? በአንደኛው ዓይነት ምስል ጠባሳዎቹ ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን ነጭ ነጠብጣብ የትናንት ይሁን የአምስት ዓመት በፊት ራሱ አይናገርም። የቆየ ቁስልም ነጭ ነው፣ አዲስም ነጭ ነው። አዲሱን ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ያለበትን ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ነው። በደማችንና በአንጎላችን መካከል አጥር አለ፤ በሽታው እየተንቀሳቀሰ ባለበት ቦታ አጥሩ ይሳሳል፣ ፈሳሹም ሾልኮ ይገባና ያ ቦታ ደምቆ ይታያል። ይህ ድምቀት የሚቆየው በአማካይ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። እንግዲህ ፎቶው የተነሳው በአራተኛው ወር ከሆነ እሳቱ ነድዶ ጠፍቷል፣ የቀረው አመዱ ነው። ሁለተኛው መንገድ የዛሬውን ምስል ከቀድሞው ጎን አስቀምጦ «ይህ ነጥብ ያኔ ነበር ወይስ አልነበረም?» እያሉ አንድ በአንድ ማየት ነው። የማርኬቲንግ ሰው ልብ የሚወደው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በሽታው ኤምኤስ ነው ለማለት ራሱ ጊዜና ቦታ ይጠየቅ ነበር። ኢያን ማክዶናልድ በተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ ሐኪም ስም የሚጠራው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ተሻሽሏል። ለረጅም ጊዜ ጉዳቱ ከአንድ በላይ በሆነ የነርቭ ሥርዓት ክፍል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ መድረሱን ይፈልግ ነበር። ተመሳሳይ ነገር የሚያመጡ ሌሎች በሽታዎችም መጣራት አለባቸው፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ ኢንፌክሽኖች፣ ሌሎችም። የእህቴ ምርመራ ሁለት ወር የፈጀው ለዚህ ነው። «ምነው ይህን ያህል ደም ቀዱብኝ» ስትል ትዝ ይለኛል።

መድኃኒት ጀመረች። ኢንተርፌሮን የሚባል፣ ቀን እያለፈ ራሷን የምትወጋው መርፌ ነው። ከውጭ ዘመድ በሻንጣ ያመጣዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር እማዬ «ያቺ መድኃኒት!» እያለች ፍሪጁን በጋቢ ትሸፍናለች፤ ጋቢ ቅዝቃዜ ይያዝ አይያዝ እንጃ። መርፌውን በወሰደች ማግስት ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሰውነቷ ይቆረጣጠማል። ግን እግሯ ተመለሰ፣ ሥራዋን ቀጠለች፣ አገባች። ሠርጓ ላይ ስትጨፍር ያየ ሰው ታማለች ብሎ አይጠረጥርም። ዓመት ሲሞላት ምስሉን ድገሚ ተብላ ነበር። ደህና ስለሆነች፣ ዋጋውም የሚያስጨንቅ ስለሆነ ዘለለችው። እኛም ዝም አልን። ደህና የሆነን ሰው ማን ምርመራ ይልካል?

እዚህ ላይ ነው ልትሰሙኝ የምፈልገው። ይህ በሽታ ዝም ብሎ የሚሠራ ነው። ሕሙማን በተከታታይ ሲታዩ፣ ሰውዬው በሽታው አገረሸብኝ ከሚልበት ጊዜ ይልቅ ምስሉ ላይ አዲስ ነጥብ የሚታይበት ጊዜ በግምት ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበልጣል። ለምን አይሰማም? ዶክተሩ ሲያስረዱን ከተማችንን ምሳሌ አደረጉ። ውስጥ ለውስጥ ያለ አንድ ኮብልስቶን መንገድ ቢቆፈር ታክሲው በሌላ ቅያስ ይዞራል፣ ማንም አያውቅም። መስቀል አደባባይ ቢዘጋ ግን ከተማው ሁሉ ይጮኻል። የዓይን ነርቭ፣ የአንጎል ግንድና ሕብለ ሰረሰር ጠባብና የተጨናነቁ መንገዶች ናቸው፤ እዚያ ትንሽ ቁስል ወዲያው ይሰማል። ሰፊው የአንጎል ክፍል ግን መዞሪያ አያጣም። «ችግሩ» አሉ ዶክተሩ «መዞሪያውም ያልቃል።»

ይህን ያሉን ባለፈው ጥቅምት ነው፣ በዚያ ሲዲው በተጠየቀበት ቀን። ጣቷን ስለደነዘዛት ስለፈራች በግድ ወስጄያት ሁለተኛውን ኤምአርአይ አስነስተን ነበር። የጣቷ ነገር ከኤምኤስ ጋር ያልተያያዘ፣ ኮምፒዩተር ላይ ስትውል የእጅ አንጓዋ ላይ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ምስሉን ያስነሳነው ከመጀመሪያው በተለየ ቦታ ነው፤ ወረፋው ስለሚያጥር። ወጪ ለመቀነስ ብለንም ያለ ጋዶሊኒየም አደረግነው። የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፣ «ለማነጻጸሪያ የቀድሞ ምስል አልቀረበም» የምትል። እኔ የሪፖርቱን ወረቀት ሁሉ በፋይል ይዤ ነበር፣ በቀለም ለይቼ። ዶክተሩ ወረቀቱን አመስግነው ወደ ጎን አደረጉትና «ወረቀት ከወረቀት አይነጻጸርም፣ ምስሉን አምጡልኝ» አሉ።

ቤት ሄደን አገላበጥን። መሳቢያው ባዶ ነው። እህቴ አልጋ ሥር ስትፈልግ፣ እኔ መኪና ውስጥ ስፈልግ፣ እማዬ ቡና እየቆላች «ምን ዓይነት ሲዲ?» አለች። ስትሰማ ማንከሽከሻውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ሲዲው አንድ ወር ሙሉ ፀሐይና አቧራ ሲፈራረቅበት ቆይቷል፣ ፊቱ ተሞጫጭሯል። ኮምፒዩተሩ ሊያነበው አልቻለም። እማዬ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ደግነቱ የመጀመሪያውን ምስል ያነሱት ሰዎች ፋይሉን አላጠፉትም ነበርና በማግስቱ ሌላ ኮፒ ሰጡን።

ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እዚያው ነበርኩ። ዶክተሩ ማውሱን እያሽከረከሩ የአንጎሏን ምስል እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ያሳልፋሉ፤ ግራው የድሮው፣ ቀኙ የአሁኑ። ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። «ይሄ ያኔም ነበር። ይሄም ነበር። ይሄ ግን አልነበረም።» ሦስት ቦታ ላይ «አልነበረም» አሉ። እህቴ «ግን እኮ ደህና ነኝ!» አለች። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው «መርፌውን በትክክል ትወስጃለሽ የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቋት። መሬት መሬት አየችና «ካቆምኩ ሰባት ወር ሆኖኛል» አለች።

መኪና ውስጥ ጮህኩባት፤ አልደብቃችሁም። እንዴት ትዋሺኛለሽ፣ ሰው በሻንጣ እየተሸከመ ሲያመጣልሽ፣ እማዬ ፍሪጅ ስትሸፍን! እሷ ዝም ብላ ሰማችኝና ቦሌ መንገድ ላይ ስንደርስ «ልጅ እፈልጋለሁ» አለች። መርፌው ለእርግዝና አይሆን ይሆናል ብላ ፈርታ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ባሏንም ሳታማክር አቁማዋለች። ስታቆመውም የባሰ ነገር አልመጣም፣ እንዲያውም ያ ቁርጥማት ቀርቶላታል። በእሷ ቦታ ብሆን እኔስ የተለየ ነገር አደርግ ነበር? ደህንነት ተሰምቷት፣ የሚያማት መድኃኒቱ ብቻ ሆኖ! መኪናውን ዳር አቁሜ ሁለታችንም አለቀስን። ከኋላችን አንድ ታክሲ ክላክሱን ሲነፋብን ነው የተንቀሳቀስነው።

በቀጣዩ ቀጠሮ ዶክተሩ ሲሰሙ አልተቆጡም። ኤምኤስ ያለባት ሴት ልትወልድ እንደምትችል፣ ግን በዕቅድ መሆን እንዳለበት ነገሯት። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ፣ በአውሮፓ 254 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው በእርግዝና የመጨረሻ ሦስት ወራት በሽታው የማገርሸት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ከማርገዝ በፊት በሽታው ጸጥ ማለቱን ማረጋገጥ፣ መድኃኒቱንም ከዚያ አንጻር መምረጥ ይሻላል። ለእህቴ በየስድስት ወሩ በደም ሥር ወደሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አዛወሯት። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት የኤምኤስ መድኃኒቶችን፣ ክላድሪቢን፣ ግላቲራመር እና ሪቱክሲማብን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ዝርዝር ውስጥ መግባት ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ከመገኘት ይለያል፤ ቢሆንም «የፈረንጅ በሽታ» ለሚሉት ዘመዶች ጥሩ መልስ ነው።

ምስሉ መድኃኒት ለመምረጥ የገባው ዛሬ አይደለም። ያ ኢንተርፌሮን እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ማገርሸቱን በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱ ተለክቶ ነበር። ቫንኩቨር የሚገኝ ቡድን የሕሙማኑን ኤምአርአይ ሲያነጻጽር ያገኘው ልዩነት ግን ከዚያም የጎላ ነበር። ዛሬ ሐኪሞች በሽታው ጸጥ ብሏል የሚሉት ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ ሲያገረሽ ካልታየ፣ የአካል ጉዳቱ ካልጨመረ፣ ምስሉ ላይም አዲስ ነገር ከሌለ። እህቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አልፋ ሦስተኛው ላይ ወደቀች።

በሌላው ጽንፍ ደግሞ ምስሉን እንደ ጣዖት እንዳታዩት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለራስ ምታት ብላ ኤምአርአይ ተነስታ ሪፖርቱ ላይ «ነጭ ነጠብጣብ» የሚል አንብባ ሦስት ቀን አልተኛችም። ስልኳ ላይ ስትፈልግ ያገኘችው ሁሉ አስፈሪ ነው። ነገሩ ማይግሬን ባለባቸው፣ የደም ግፊት ባለባቸው፣ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ የሚታይ ነው፤ ሐኪሟ በአምስት ደቂቃ አረጋጋት። ነጥብ መቁጠርም አይጠቅምም። ብዙ ነጥብ ይዞ ሮጦ የሚያድር አለ፣ ጥቂት ይዞ ምርኩዝ የሚይዝ አለ፤ ቦታው ይወስናል፣ ምስሉ የማያሳየው ጉዳትም አለ። እንደገና ደግሞ ሕመም ተሰማ ማለት ሁሌ አዲስ ቁስል ወጣ ማለት አይደለም። እህቴ እማዬን ልታግዝ ምጣድ አጠገብ ስትቆም ያ ግራ ዓይኗ ይደበዝዛል። በመጀመሪያው ቀን ልባችን ቀጥ አለ። ሙቀት ሰውነትን ሲያግል የተላጠው ነርቭ ይባስ ይዘገያል፤ ቀዝቀዝ ስትል ይመለሳል። አሁን እንጀራ የምትጋግረው እኔ ነኝ፤ ዓይኑ እንኳን አይታይም እያሉ ይበሉልኛል።

ቤታችሁ ወይም ዘመዳችሁ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ከእኛ ስህተት የምታተርፉት ይህን ነው። ምስሉን በተቻለ መጠን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያና አሠራር አስነሱ፤ ቁራጮቹ በተለያየ አቅጣጫና ውፍረት ከተነሱ ማነጻጸር ይከብዳል። ሲዲውን ወይም ፋይሉን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ በፍላሽም በኢሜይልም አባዙት፤ ወረቀቱ የአንድ ሰው አስተያየት ነው፣ ምስሉ ግን ራሱ ነገሩ ነው። አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ምስል ይነሳል፣ መነሻ መስመር እንዲሆን፤ መድኃኒቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የወጣ ነጥብ በመድኃኒቱ እንዳይሳበብ። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ ነው። ጋዶሊኒየም በየጊዜው የግድ አይደለም፤ ጥሩ ማነጻጸሪያ ካለ ያለ እሱም ይቻላል። ኩላሊት ላይ ችግር ካለ ወይም እርግዝና ካለ ደግሞ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ዋጋው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። እኛ ቤት አሁን የእህቴ ባል፣ ወንድማችንና እኔ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን ለዓመቱ ምስል እናስቀምጣለን፤ እቁብ ማለት ነው፣ ዕጣው ሁሌ ለእሷ የሚወጣ።

እማዬ ጠበል ትወስዳታለች። አንድ ሰሞን በዚህ ተጣልተን ነበር፤ ይህ በሽታ ሲያገረሽ ቆይቶ በራሱ ጋብ ስለሚል፣ ዳማከሴውም ጠበሉም ጊዜውም ምስጋናውን ይጋራሉ፣ ከዚያ መድኃኒቱ ይቆማል ብዬ ፈርቼ። ዛሬ እማዬ ራሷ ቀኑን ቆጥራ «የመርፌሽ ቀን ደርሷል፣ ጠበሉን በማግስቱ እንሄዳለን» ትላለች። ከዚያ በላይ የምጠይቃት የለም።

ሦስተኛው ምስል የተነሳው ባለፈው ወር ነው፣ ከመጀመሪያው ቦታ ተመልሰን። ይህን ጊዜ ሁለቱንም ሲዲ ይዤ ገባሁ፣ እጄ ውስጥ አጥብቄ። ሪፖርቱ ሲመጣ መጀመሪያ የፈለግኩት የመጨረሻውን መስመር ነው። «ከቀድሞዎቹ ምስሎች ጋር ሲነጻጸር አዲስ ነገር አልታየም» ይላል። እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዚያ ለባሏ ደወለች። እማዬ ዶክተሩን «ድናለች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ጸጥ ብሏል ማለት ነው እናቴ» አሏት። «ጸጥ እንዳለ እንዲቆይ ነው የምንሠራው።» ስለ ልጁ ጉዳይ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ከባሏ ጋር መጥታ እንዲነጋገሩበት ነገሯት።

ሦስቱ ሲዲዎች አሁን ከሠርጓ አልበም ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ላያቸው ላይ ቀናቸው በማርከር ተጽፎ። መስከረም ሲመጣ እማዬ ገብሷን አጥባ ማስጣቷ አይቀርም። ሰሞኑን ስልክ ደውላ «አንቺ፣ እዚህ መሳቢያ ውስጥ የአስቴር አወቀ የሚል አንድ አለ፣ ይሄኛውስ ይሰቀል?» ብላኛለች።